«ኮምት» የተባለው ዘረመል ተከሷል፤ ማስረጃውስ?

ምራቃችሁን ላኩልን፣ ሰውነታችሁ ኢስትሮጅንን እንዴት እንደሚያስወግድ እንነግራችኋለን የሚሉ የዘረመል ምርመራ ማስታወቂያዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ ተከሳሹ «ኮምት» የሚባለው ዘረመል ነው። እስቲ ክሱን እንመርምረው።

የክሱ ግማሽ እውነት ነው። ኢስትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ሲፈራርስ ከሚፈጠሩት ውህዶች አንዳንዶቹ ዲኤንኤን ሊጎዱ ይችላሉ። እነዚህን የሚያመክነው ኢንዛይም የሚሠራው በኮምት ትእዛዝ ነው። እዚህ ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ስትቀየር የኢንዛይሙ ጉልበት ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይቀንሳል። «በቃ፣ የጡት ካንሰር ምክንያት ተገኘ!» ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የወጡ አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶችም ይህንኑ ጠቁመው ነበር።

ችግሩ ታዲያ ምን መሰላችሁ? በኋላ የአስር ሺዎች ሴቶች መረጃ ተሰባስቦ ሲታይ ግንኙነቱ ጠፋ። የኢንዛይም ፍጥነት ሌላ፣ በሽታ ሌላ። ከቢአርሲኤ1 ጋር አወዳድሩት፦ በዚህ ዘረመል ላይ ጎጂ ለውጥ ካለባቸው 10 ሴቶች 7ቱ ገደማ እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ምርመራ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። «ኮምትሽ ዘገምተኛ ነው» የተባለችው በከንቱ ትሸበራለች፤ «ምንም የለብሽም» የተባለችው ደግሞ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ችላ ልትል ትችላለች። ስለዚህ «ስንት ሰው ላይ ታየ? በድጋሚስ ተረጋገጠ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እብጠት ካለ ግን ምራቅ መላኩ ይቅርና ሐኪም ጋ ሂዱ።