ማን ጠየቃት፣ ምን ብሎስ ጠየቃት? የሮክ ድምፃውያት፣ የአድናቂ መጽሔትና የአራዳ የሙዚቃ መዝገብ

አዲስ አበባ በሴት ድምፃውያን ድህነት የምትታማ ከተማ አይደለችም። በቃለ መጠይቅም እንደዚሁ፤ ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ዘፋኝ ሲጠይቅ ነው የሚውለው። የጎደለው ዘፋኟን ስለ ሙያዋ በሙያዋ ቋንቋ ጠይቆ መልሷን በወረቀት ላይ የሚያኖር ሰው ነው። የዚህ ዳሰሳ ሙግት ይህን ክፍተት ለመሙላት ከትልቁ ፕሬስ ይልቅ አድናቂው ራሱ ጽፎ ራሱ አባዝቶ የሚያሠራጨው ትንሽ የሙዚቃ መጽሔት፣ በሌላው ዓለም ፋንዚን የሚባለው፣ ይሻላል የሚል ነው። የሚሻለው ግን በርካሽነቱ አይደለም፤ ጠያቂው ዘፈኑን መቶ ጊዜ ሰምቶ፣ የገባውንና ያልገባውን ለይቶ ስለሚመጣ ነው። ማስረጃዬን የምፈልገው በአራዳና በፒያሳ ዙሪያ ነው፤ የከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ መድረክም፣ አሳታሚም፣ ገበያም ያገኘው በዚሁ አካባቢ ነውና።

የፋንዚን ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ማርክ ፔሪ የተባለ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ስለ ፓንክ ሙዚቃ የሚጻፈው አላረካው ሲል «ስኒፊን ግሉ» የተሰኘውን መጽሔት በታይፕና በእጅ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በፎቶ ኮፒ አባዛ። በሄቪ ሜታል በኩል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሮን ኩዊንታና ለሚጀምረው መጽሔት የስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ለጓደኛው ላርስ ኡልሪክ ቢያሳየው፣ ኡልሪክ ከዝርዝሩ «ሜታሊካ» የሚለውን ለባንዱ ወሰደው፤ መጽሔቱም «ሜታል ማኒያ» ተብሎ ወጣ። ከዓለም ግዙፍ የሜታል ባንዶች አንዱ ስሙን ያገኘው ከአድናቂ መጽሔት የስም ዝርዝር ነው ማለት ነው። በ1991 ደግሞ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሊምፒያ ከተማ ውስጥ «ራየት ገርል» የተባለው የወጣት ሴቶች እንቅስቃሴ መጽሔቱንና ባንዱን አንድ ላይ ይዞ ተነሣ፤ ጊታር የምትይዘውና ስለ ጊታሩ የምትጽፈው ብዙ ጊዜ ያችው ልጅ ነበረች። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት ኤ ፎር ወረቀት በፊትና በጀርባ ታትሞ መሐሉ ላይ ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። ገጽ አንድ ከገጽ አሥራ ስድስት፣ ገጽ ሁለት ከገጽ አሥራ አምስት ጋር በአንድ ፊት ይቀመጣሉ፤ ይህን ያሳሳተ ሰው ቃለ መጠይቁን ከመሐሉ ያስጀምራል። እጥፋቱ በሁለት ስቴፕል ይያዛል። ገጹ ውስን ስለሆነም አዘጋጁ የትኛው ጥያቄ ቦታ እንደሚገባው መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የመጽሔቱ ሂስ የሚጀምረውም ከዚህ ምርጫ ነው።

ወደ አራዳ ስንመለስ የሙዚቃው መዝገብ መጀመሪያ የተያዘው በተቋም እጅ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ቲያትር ቤቱ ዛሬም ፒያሳ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ተሰጠው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በሃያ አራት ዓመቱ ይህን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር፣ ያደረገው ነገር ከፋንዚን አዘጋጅ ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ሙዚቃውን የወደደ ወጣት ፈቃድ ሳይጠብቅ፣ ባለሥልጣን ያልጠየቀውን ሥራ በራሱ ገንዘብ ሠራ። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ኤልፒዎች አወጣ። ብዙነሽ በቀለና ሂሩት በቀለ ዛሬ በድምፅ አብረውን ያሉት በዚህ ዓይነቱ ድፍረት ነው። ሸክላ ግን ድምፅን እንጂ ሐሳብን አይዝም። በሽፋኑ ላይ ፎቶግራፍ፣ ስም፣ የሁለት ዘፈን ርዕስ ይኖራል። ብዙነሽ ከክብር ዘበኛ ባንድ የነፋስ መሣሪያዎች ፊት ቆማ ድምፅዋን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ ከቅንብሩ ውስጥ የቱ የእርሷ ሐሳብ እንደሆነ ሽፋኑ አይናገርም። ስለ እርሷ በተጻፈው ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የሶል ቀዳማዊት እመቤትነት ማዕረጓ ነው። ማዕረግ ክብር ነው፤ ግን ትንተናን ተክቶ ሲቀመጥ ዝምታን ይሸፍናል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ የመዝገብ ሥራ የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ የአልበም ስብስብ ነው። ያለ እርሱ ጥረት ከዚህ ሙዚቃ ብዙው ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። ሆኖም ከመጀመሪያዎቹ 30 ጥራዞች በአንዲት ሴት ሥራ ላይ ብቻ የቆሙት ሁለት ናቸው፤ 16ኛው የአስናቀች ወርቁ፣ 21ኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። ማብራሪያዎቹም የተጻፉት በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። አስናቀች ለሙግታችን ጥሩ ምሳሌ ናት። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቲያትር መድረክ ተዋናይት፣ በክራር ድምፃዊት ነበረች፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላም ራሔል ሳሙኤል የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ለዓለም አሳይቷታል። ስለ አስናቀች ወሬ ሲነሣ ግን ቀድሞ የሚወጣው ውበቷ፣ ፍቅሯና ደፋርነቷ ነው። ክራሩ ሁለተኛ ነው። አንድ ክራር የሚያውቅ ወጣት ሊጠይቃት ይችል የነበረውን እናስብ፤ መቼ ትገርፊያለሽ፣ መቼ ትደረድሪያለሽ? ከትዝታ ወደ አምባሰል ስትሻገሪ መድረክ ላይ ቅኝቱን የምታስተካክይበትን ጊዜ በምን ትሸፍኚዋለሽ? በጨዋታ? በዝምታ? የተዋናይነት ልምድሽ የሚገባው እዚህ ጋር ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የፍቅር ታሪኳን አያጠፉም፤ ግን ሴትዮዋን ከአፈ ታሪክ አውርደው ወደ ባለሙያነት ይመልሷታል።

አሁን ወደ ሮክ። በኢትዮጵያ ሮክ ውስጥ ለዚህ ርዕስ የቀረበው እውነተኛ ምሳሌ ጃኖ ባንድ ነው። አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላስዌል የተሳተፈበት «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012፣ «ለራስህ ነው» በ2018 ወጡ። ባንዱ አራት ድምፃውያን ይዞ ሲነሣ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሔዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለፃዲቅ። በከተማችን ባንዶች ዘንድ ሴት አጃቢ ሆና ከኋላ መቆሟ የተለመደ በመሆኑ፣ ከወንዶቹ እኩል ከፊት መሰለፋቸው ብቻውን ሊጻፍበት የሚገባ ነው። ጃኖን ሜታል ማለት ያስቸግራል፤ ነገር ግን የተዛባ የጊታር ድምፅን ከአምስት ድምፅ ቅኝት ጋር ስላጋጠመ፣ የሜታል ድምፃውያት በየትም አገር የሚገጥማቸው ችግር እዚህም አለ። ጊታሪስቶች ፓወር ኮርድ የሚሉት ድምፅ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ሦስተኛው ድምፅ ስለሌለበት ከትዝታም ከባቲም ጋር አይጋጭም፤ ለቅኝታችን የተመቸ ነው። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። የተዛባ ጊታር ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን መስክ ይሞላል። የድምፅ ጥራትና የቃላት ግልጽነት፣ በተለይም በአማርኛ አዘፋፈን ድምፅን ማርገብገብ የሚሰማው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ታዲያ ድምፃዊቷ ማርገብገቡን ትቀንሳለች? ከፍ ወዳለ ድምፅ ትሸሻለች? ወይስ ጊታሪስቱ እንዲያፈገፍግ ትጠይቃለች? ኪዩን፣ የዘፈኑን መነሻ ድምፅ፣ የሚወስነውስ ማን ነው? ዘፈኑ ለወንድ ጉሮሮ ተሠርቶ ከሆነ ሴቷ ወይ ወደ ታች ትወርዳለች ወይ አንድ ኦክታቭ ትዘላለች። ይህን የሚመልሱት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ለመመለስ ግን መጀመሪያ መጠየቅ አለባቸው።

በዚህ ቦታ ከሴቶች መብት ተሟጋቾች ወገን ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ስለ ኪይና ስለ ጊታር ብቻ ከጠየቅን ሴት በመሆኗ የሚደርስባትን አንደብቅምን? ይህ ተቃውሞ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። በእኔ ግምት ግን የሚደብቀው የተለመደው ጥያቄ ነው። «ሴት ሆነሽ በዚህ ሙያ እንዴት ነው?» የምትባል ድምፃዊት የምትመልሰው የታወቀ ነው፤ ፈተና አለ፣ ቤተሰብ ደገፈኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። በሌላው ዓለምም የሜታል ሴቶች በዚህ ጥያቄ መሰልቸታቸውን ደጋግመው ተናግረዋል። የሥራ ጥያቄ ግን ሴትነትን ከነዝርዝሩ ይዞት ይመጣል። የባንድ ጥናት በስንት ሰዓት ያልቃል ብሎ መጠየቅ ሌሊት ከፒያሳ ወደ ቤት የመሄድን ጉዳይ ያነሣል። በመድረክ ላይ ራስሽን በሞኒተር ትሰሚያለሽ ወይ ማለት የድምፅ ባለሙያው የማንን ቃል እንደሚሰማ ያወጣል። ግጥምና ዜማው የማን ነው፣ ክፍያውስ በምን ይከፋፈላል ማለት ሥልጣን የት እንዳለ ያሳያል። ምስል ብቻውን ግን ይህን አይነግረንም፤ ቦትስዋና ውስጥ ቆዳ ለብሰው የሚታዩትን የሜታል ሴቶች ዓለም ያወቃቸው በፖል ሺአካሊስ ፎቶግራፎች ነው። ፎቶግራፎቹ ግሩም ናቸው፤ ግን ከልብሱ በኋላ የሚሰሙትን ሙዚቃ እንዴት እንደሚሰሙት ለማወቅ ሌላ ዓይነት ሥራ ያስፈልጋል።

ሌላው ተቃውሞ ቅርጹ ባዕድ ነው የሚል ነው። የእንግሊዝ ፓንክ መጽሔት ለአራዳ ምኗ ነው? ይህ ክርክር የከተማዋን የማባዣ ታሪክ ይረሳል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1921 ከተቋቋመ ወዲህ የኅትመት ኃይል በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ቢቆይም፣ በእጅ የሚባዛ ወረቀት ለዚህች ከተማ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የተማሪዎች እንቅስቃሴ በስቴንስል ተጽፎ በማባዣ በተባዛ ወረቀት ያደገ ነው፤ የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በኅቡዕ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙ ሰው ሕይወቱን ከፍሎበታል። እንዲያውም ራስን የማተም ልማድ በእኛ ዘንድ ከለንደን ወጣቶች ይልቅ የከበደ ትዝታ አለው። ልዩነቱ የእኛው ለፖለቲካ ብቻ መዋሉ ነው። ለምን ወደ ሙዚቃ አልተሻገረም ቢባል አንዱ ምክንያት ፍርሃት ይመስለኛል፤ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ይዞ መገኘት እስር ያስከትል በነበረበት ዘመን ስለ ዘፋኝ ብሎ ማን ይደፍራል? የሙዚቃ ፍቅር በደብተር ላይ ግጥም በመገልበጥ ተወሰነ። ያ ደብተር ግን ያልተባዛ ፋንዚን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ሬዲዮን የሚጠቅሰው ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ«የጨዋታ እንግዳ» የምታደርገው ረጅም ጭውውት፣ ጠያቂ ተዘጋጅቶ ሲመጣ፣ አቋርጦ ሳይሆን አዳምጦ ሲጠይቅ ምን እንደሚገኝ ለብዙ ዓመት አሳይቶናል። ሕዝባችን ሰሚ እንጂ አንባቢ አይደለም የሚሉም አሉ፤ ታዲያ ወረቀት ለምን? መልሴ ግማሹን ይቀበላል። በትዕግሥት ረገድ ፋንዚኑ ከመዓዛ መማር እንጂ መወዳደር የለበትም። ግን የእርሷ ዝግጅት የሰውን ሙሉ ሕይወት የሚይዝ ነው፤ ከልደት እስከ ዛሬ። አንዲት የሮክ ድምፃዊት ስለ አንድ ዘፈን ሁለተኛ አንጓ ብቻ አራት ገጽ እንድትናገር የሚፈቅድ የሬዲዮ ሰዓት የለም፤ ሰፊው አድማጭም ቢሰለች አይፈረድበትም። በሃምሳ ቅጂ የሚወጣ መጽሔት ሃምሳ ሰው ብቻ ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ ሂስ ጥቅስ ይፈልጋል፤ ሃያሲ ተመልሶ የሚገልጠው፣ «እዚህ ጋር እንዲህ ብላለች» ብሎ የሚከራከርበት ገጽ ከሌለ ክርክሩ ሁሉ ወደ ትዝታ ይወርዳል።

አድናቂ አሞጋሽ ነው፣ ሂስ አይችልም የሚለው ክስ በከፊል እውነት ነው። ብዙ ፋንዚኖች ከውዳሴ አያልፉም። ሆኖም ከልብ የወደደ ሰው ሲከፋውም ከልብ ነው፤ «ኤርታሌ»ን በቃሉ የያዘ ወጣት በሁለተኛው አልበም ያልወደደውን ነገር ለማስታወቂያ እንደሚጽፍ ሰው አለሳልሶ አያልፈውም። ትልቁ መጽሔት ማስታወቂያ ሰጪውን፣ ዝግጅት አቅራቢውንና ቀጣዩን ቃለ መጠይቅ ያስባል። የፋንዚን አዘጋጅ የሚያጣው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው። አደጋው ያለው ከድምፃዊቷ ጋር ወዳጅነት ሲፈጠር ነው፤ አራዳ ጠባብ ሰፈር ነው፣ የባንድ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ለዚህ ያለው መድኃኒት ጥያቄውንና መልሱን እንዳለ ማተም፣ የአዘጋጁን አስተያየት ደግሞ ለብቻው ማድረግ ነው፤ ድምፃዊቷ ባትስማማ በሚቀጥለው እትም መልስ ትጽፋለች።

ጉዳዩ ይደርሳል ተብሎ የሚተው አይደለም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ከሆቴሉ ጋር በእሳት ሲጎዳ ባንዶች የሚገናኙበት አንድ መድረክ ጠፋ፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ ደግሞ የሚያስታውሱት ሰዎች ተበተኑ። አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል፤ የሮክ ሴቶቻችን ቁጥር ጥቂት ስለሆነ መጽሔቱ ሦስት እትም ሳይሞላ ይሞታል የሚል። ይሙት። «ስኒፊን ግሉ» የኖረው አንድ ዓመት ገደማ ነው፣ አምሃ ሬከርድስ ስድስት ዓመት። ከሦስት እትም ሁለት ሁለት ቅጂ ለወመዘክርና ለስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ከገባ፣ ሔዋን ወይም ሃሌሉያ ኪዩን ማን እንደመረጠው የተናገረችው ቃል ካታሎግ ቁጥር ይኖረዋል፤ ተመራማሪም እርሷን ለመጥቀስ የሽፋን ፎቶግራፍ ፍለጋ አይሄድም።