ፊደል ቆጥሮ አለማንበብ

በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ተጉዤ፣ ከዋናው መንገድ ወርጄ በእግሬ ጥቂት ካዘገምኩ በኋላ፣ ጋይንት ውስጥ ካሉት የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ዘንድ ደረስኩ። ስሙን አልጠራም፤ የማወራው ነገር የእሱ ብቻ አይደለምና።

ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ አንዲት ልጅ አስነሥቶ የአማርኛ መጽሐፏን እንድታነብልኝ አዘዛት። ልጅቱ ገጹን አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አንበለበለችው። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወደ አጠገቧ ሄድኩና በገጹ መካከል ካለች አንዲት ቃል ላይ ጣቴን አኑሬ «ይህችን ብቻ አንብቢልኝ» አልኳት። ልጅቱ ዝም አለች። ቀጥላም ዓይኗን ወደ ገጹ ራስ መለሰችና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምራ በከንፈሯ ብቻ እያነበነበች ወደ ታች ወረደች። ጣቴ ካለበት ስትደርስ ቆም አለችና «ዝናብ!» አለች።

ልክ ነበረች። ቃሏ «ዝናብ» ነበረች። ግን አላነበበችም።

ይህን የምጽፈው ልጅቱን ለማሳጣት አይደለም፤ እንዲያውም በቃሏ የያዘችው ነገር ብዛት ያስቀናል። የምጽፈው አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ንባብ ትምህርት የምንከራከረው ክርክር ከዚያች ልጅ አጠገብ ሲደርስ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ስላየሁ ነው። ክርክሩን አንባቢ ያውቀዋል። አንደኛው ወገን «ሀሁን ንቀው ልጆቹን ደንቆሮ አደረጓቸው፤ ወደ የኔታ እንመለስ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ሕፃን ልጅን ትርጉሙን በማያውቀው ዜማ ማስጮህ ኋላ ቀርነት ነው፤ ልጅ ከሥዕልና ከሚያውቀው ቃል ይጀምር» ይላል። ሁለቱም ጽሑፉን ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። እኔ እስቲ ጽሑፉን ልመርምር። ሒስ መጻፍ የለመደ ሰው ልቦለድና ግጥም ሲተች ይኖራል እንጂ አገሩ ሁሉ መጀመሪያ ያነበበውን ጽሑፍ መተቸት ትዝ አይለውም።

ያ ጽሑፍ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሰራጩት የፊደል ገበታ ነው። በላዩ ሀሁ አለ፤ አቡጊዳ አለ፤ ቁጥሩ አለ፤ የዮሐንስ መልእክት አለ። ብዙዎቻችን ሀሁን እናስታውሳለን፤ አቡጊዳን ግን እንደ ትርፍ ነገር እንቆጥረዋለን። እንደኔ እንደኔ የገበታው ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ልጅ ሀሁን በዜማ ይይዘዋል፤ ዜማው ደግሞ ዓይኑን ያስተኛዋል። «ሀ» ካለ «ሁ» በራሱ ይመጣል፤ ማየት አያስፈልግም። አቡጊዳ ያንን ዜማ ሰብሮ ልጁን በሰያፍ ይወስደዋል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። የ«አ»ን ግእዝ፣ የ«በ»ን ካዕብ፣ የ«ገ»ን ሣልስ፣ የ«ደ»ን ራብዕ። አሁን የለመደው ዜማ አያድነውም፤ በስንደዶው ጫፍ የነካውን ፊደል አይቶ መለየት ግድ ይሆንበታል። እኔ በግንቦት 2015 ጣቴን በገጹ መካከል ያኖርኩባትን ፈተና ገበታው ከኔ በፊት ያውቀው ነበር ማለት ነው። ሊቃውንቱ በቃል መያዝና ማንበብ ሁለት መሆናቸውን ተረድተው፣ ሁለቱን የሚለይ ወንፊት ሠርተው አኖሩ። እኛ ግን ሀሁን ለመዋዕለ ሕፃናት መዝሙር አድርገን አስቀረንና ወንፊቱን ጣልነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን እንዲህ የሚመሰገን አይደለም። ልጁ አቡጊዳን ሲጨርስ ወደ ዮሐንስ መልእክት ይገባል፤ በቁጥር፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ ይሄድበታል፤ ማጥበቁንና ማላላቱን፣ ተነሹንና ወዳቂውን ከየኔታ አፍ ይቀበላል። ቀጥሎ ዳዊት ነው። ይህ ሁሉ በግእዝ ነው፤ ልጁ ቤቱ የሚናገረው ግን አማርኛ ነው። ዳዊት ደግሞ ገና የማይረዳውን ቃል አሳምሮ የሚያነብ ልጅ ብዙ አይተናል። ትርጓሜው የሚመጣው ለቀጠሉት ነው፤ የቀጠሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። ሴቶቹማ ከደጁም የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። «ወደ የኔታ እንመለስ» የሚለው ወገን ይህችን ይዘላታል። ደበሎ ለብሶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ የተማረውን ሰው ውጤት እንጂ መንገድ ላይ የቀረውን አይቆጥርም።

በነገራችን ላይ በውጭው ዓለም ያለው ክርክርም ከኛ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1955 ሩዶልፍ ፍሌሽ የሚባል ሰው በአሜሪካ «ጆኒ ለምን ማንበብ አቃተው?» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ አገሩን አመሰ። የአሜሪካ ልጆች ፊደልና ድምፅ ማዛመድ ቀርቶባቸው ቃሉን እንደ ሥዕል በሙሉው እንዲለምዱት መደረጋቸው ነበር ያስቆጣው። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሥርት ዓመታት ዘልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ብሔራዊ ጉባኤ የምርምሩን ክምችት አይቶ ድምፅና ፊደልን በሥርዓት ማስተማር እንደሚጠቅም መስክሯል። ጆኒ ማለት የኛው ዮሐንስ ነው። አሜሪካዊው ዮሐንስ ማንበብ ሲያቅተው የኛው ልጅ ደግሞ ራሱን የዮሐንስን መልእክት እያነበበ የሚለውን አያውቅም ነበር!

ነገር ግን የእነሱን ክርክር እንዳለ አምጥቶ በኛ ፊደል ላይ መጫን ስሕተት ነው። የኛ ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ይይዛል፤ ሠላሳ ሦስቱ ቤት በሰባት ሲባዛ 231 መልክ ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ልጁ ብዙ ይሸከማል፤ ከተሸከመ በኋላ ግን ቃሉን ማንበብ ከእንግሊዝኛው ይቀለዋል። አንድ ወጥመድ ብቻ አለ፤ ፊደላችን ማጥበቅን አይጽፍም። «አለ» የሚለውን ተመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። «ገና»ም እንዲሁ፤ ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ላልቶ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። የትኛው እንደሆነ ምልክቱ አይነግርህም፤ ዓረፍተ ነገሩ ነው የሚነግርህ። እንግዲህ በአማርኛ ትርጉሙን ሳይዙ ድምፁንም በትክክል ማውጣት አይቻልም ማለት ነው። «ፊደሉ ይቅደም» ባዩም፣ «ትርጉሙ ይቅደም» ባዩም በዚህች በሁለት ፊደል ቃል ላይ እርቅ ማውረድ ይገባቸው ነበር።

ወደ መማሪያ መጽሐፉ ልምጣ። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎችና ከተሞች ከ13 ሺህ በላይ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት የአገር ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ አማርኛ አንዱ ነው። አሠራራቸው ከቀድሞዎቹ ይሻላል። ፊደሉን ከድምፁ ጋር ያስተምራሉ፤ መምህሩ አስቀድሞ ያሳያል፣ አብሮ ይሠራል፣ ከዚያ ለልጁ ይለቃል። ይህን አልነቅፍም።

የምነቅፈው ጽሑፎቹን ነው። ከመማሪያ መጻሕፍታችን ንባቦች ብዙዎቹ ስብከት ናቸው። እጅህን ታጠብ፣ ዛፍ ትከል፣ መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝ ተመልከት። ልጁ ገጹን ሳይገልጠው መጨረሻውን ያውቀዋል። መጨረሻው የታወቀ ጽሑፍ ደግሞ ይሸመደዳል እንጂ አይነበብም። ያች የሦስተኛ ክፍል ልጅ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ የምትፈታ፣ ጦጣ ጅብን እንዴት እንዳታለለች ሰምታ የምትስቅ ልጅ ናት። በመጽሐፏ ውስጥ አንድም አታላይ የለም! ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲጽፉ ምክር አልጠላቸውም ነበር፤ ግን ምክሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ልጁ «ከዚያስ?» እንዲል ያደርጉታል። ይህን ያህል ሰው ግጥሙን እስከ እርጅናው በቃሉ ይዞት የኖረው መምህር አስገድዶት ብቻ አይደለም። አገራችን ይህን ያህል ተረት ሞልቶላት ለልጆቿ የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ማስነበቧ ያሳዝነኛል።

አሁን ግን መጽሐፉም ገበታውም ከማይደርሱበት ነገር ላይ ደርሻለሁ። ክፍሉን ከጨረስኩ በኋላ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀመጥን። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ ስንት ተመዘገቡ፣ ስንት አቋረጡ፣ ስንት ተዛወሩ። ያየሁትን ነገርኩት። አልደነገጠም።

«ጋሼ፣ እኔ ልጅ ሲያነብ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!» አለኝ። «ሰኞ ወረዳ ስብሰባ ነኝ፤ ማክሰኞ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ነኝ፤ ሌላውን ቀን መዋጮ ስሰበስብ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ስጠራ፣ ሪፖርት ስጽፍ ነው። ደግሞስ ብሰማ የት ልሞላው? ሪፖርቱ ላይ የምጽፍበት ሣጥን የለውም።»

የዚህ ጽሑፍ ክብደት ያለው በዚህች በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆች በተከታታይ ምዘና እየተረዱ ወደ ላይ እንዲያልፉ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕፃንን በፈተና መጣል ከትምህርት ቤት ማባረር ነውና። ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ተከታትሎ የሚሰማ ሰው መኖር ነው። ሰሚው ሲጠፋ ማለፉ ብቻ ቀረ። ርእሰ መምህሩ የሚመዘነው በመዘገበውና ባላስወጣው ልጅ ቁጥር ከሆነ፣ ልጁ አነበበ አላነበበ ለሱ ምኑ ነው? አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ ጠንካራውን መምህር ስምንተኛ ክፍል ላይ ይመድብና አዲስ ምሩቁን ወይም የደከመውን አንደኛ ክፍል ይጥለዋል። ስምንተኛ ክፍል የክልል ፈተና አለ፤ አንደኛ ክፍልን ማን ያየዋል?

እዚህ ላይ የኔታ ያሳፍሩናል። ጋይንት ማለት ለቤተ ክህነቱ ትምህርት እንዲህ ዝም ብሎ የሚታለፍ አገር አይደለም። የድጓ መምህር ለመሆን የሚመሰከርባት ቤተልሔም እዚያ ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም በዚያው በጋይንት አገር ነው። ቤተልሔም ላይ «ተምሬያለሁ» ማለት አይበቃም፤ መጽሐፉን ከመምህሩ ፊት ተቀምጠህ ታስመሰክራለህ። ከታችም ፊደል ቆጣሪው እንደዚያው ነው። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ይሰማሉ፤ ቁጥሩ ሲበዛባቸው ከፍ ያለው ታናሹን ያስቆጥራል። መዝገብ የላቸውም፤ ሰንጠረዥ የላቸውም፤ ነገር ግን «እገሌ የት ደረሰ?» ብትሏቸው ከነመስመሩ ይነግሯችኋል። የትምህርት አመራር የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ምን እንደሆነ የሥልጠና ሰነዱን ሁሉ ባገላብጥ አላገኘሁትም። ስማዳ ወገዳ ብትወርዱ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ብትሻገሩ፣ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ታገኟቸዋላችሁ፤ ዛፍ ሥር የሚሰማ መምህር፣ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የማይሰማ አለቃ።

ዘመቻውም ቢሆን በዚህ ነው የተበላሸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ተጀምሮ በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት አመጣ፤ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ሥራው ትልቅ ነበር። አክስቴ የምስክር ወረቀቷን እስክትሞት ድረስ ከሣጥኗ አላወጣችውም። ማንበቡን ግን በአምስት ዓመት ረሳችው፤ የሚነበብ ነገርም፣ ስታነብ የሚሰማትም አልነበረምና። የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ማለፉ ሲሰማ አገሩ ሁሉ «ምን ሆነው ነው?» አለ። የሆኑት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው።

ያ አካባቢ አንዴ አልተመታም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር። እኔ ከጎበኘሁት ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም.፣ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣና ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ርእሰ መምህር ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲከፈት ስልክ ደወለልኝ። የተመለሱት ልጆች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የክፍላቸው መዝገብ የለም፤ ማንን የት እንደሚመድብ ቸግሮታል። ከገበያ አንድ የፊደል ገበታ ገዛና ከቢሮው በር ላይ ወንበር አወጣ። ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ስንደዶ አስይዞ በአቡጊዳ በኩል ያስኬዳቸዋል፤ ከዚያ መጽሐፍ ከፍቶ ከገጹ መካከል አንድ ቃል ያሳያቸዋል።

«ስንት አነበቡልዎ፣ መምህር?» አልኩት።

«ገና አርባ ሁለት ልጅ ነው የሰማሁ» አለኝ። «ደጅ ላይ ተሰልፈዋል፤ ማታ ልደውልልዎ።»