ስንት ኪሎ ነው?

ሳሪስ አቦ አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያዘለች እናት መድኃኒት ቤት ስትገባ፣ ጎበዝ ፋርማሲስት ከመደርደሪያው በፊት ሚዛኑን ታስባለች፤ «ስንት ኪሎ ነው?» ትላለች። ይህን ጥያቄ እጅግ አከብረዋለሁ።

ፓራሲታሞል ለሕፃን በአንድ ጊዜ በኪሎ እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። ለ8 ኪሎ ልጅ 120 ሚሊግራም መሆኑ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘው ሽሮፕ ልክ 5 ሚሊ ሊትር። በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም የያዘው ከሆነ ግን 2.4 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚደነቀው ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት ሳይዘሉ መሥራቱ ነው።

በዱቄት የሚመጣው አሞክሲሲሊን ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ተጨምሮበት ይበጠበጣል፤ አረፋው ሲሰክን እስከ ምልክቱ ይሞላል። አረፋውን እንደ ውሃ ቆጥሮ የተወው ሰው መድኃኒቱን ያወፍረዋል፤ ልጁም ከታዘዘለት በላይ ይወስዳል።

በቤት ማንኪያ መለካት ደግሞ ያሳስታል፤ የሾርባ ማንኪያ የሻይ ማንኪያን ሦስት እጥፍ ስለሚይዝ፣ ባለሙያዋ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ታወጣና «እናቴ፣ እዚህ መስመር ድረስ» ብላ በእስክሪብቶ ታሰምርበታለች። ፊደል ላልቆጠረች እናትም መጠኑ ግልጽ ነው።