ከዘቢቡ ሥር ያለው ገብስ

የ15 ዓመቱ የግሌንፋርክላስ ውስኪ ቀለሙ ወደ ዳማ ያደላል። የስኮትላንድ ውስኪ ላይ ካራሜል መጨመር በሕግ ተፈቅዷል፤ ይህ ቤት ግን አይጨምርም። መጠጡ ከማንጠሪያው ሲወጣ ውሃ መሳይ ነበር። ዳማነቱን የሰጠው ያረጀበት የበርሜሉ እንጨት ነው።

በርሜሉ ከደቡብ ስፔን ይመጣል። የኦክ ጣውላዎቹ በእሳትና በውሃ ለዝበው ይጎብጣሉ፣ በብረት ቀለበት ይታሰራሉ። ሚስማር አይመታባቸውም፣ ሙጫም አይቀቡም። በክዳኑ ጣውላዎች መካከል ደረቅ የፊላ ቅጠል ይገባል፤ ሲረጥብ አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ከዚያ ኦሎሮሶ ይሞላበታል። ኦሎሮሶ አየር እያገኘ የሚያረጅ የሼሪ ወይን ነው፤ አልኮሉ ከ17 በመቶ አያንስም። ለዚህ ሥራ የሚሞላው ሼሪ ግን ለገበታ የታሰበ አይደለም። የሚፈለገው ወይኑን የጠጣው እንጨት ነው፤ ወይኑ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ኮምጣጤ ነው።

እንዲህ ያለ በርሜል ጉልበተኛ ነው። ቀጭን መጠጥ ከገባበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚቀመሰው በርሜሉ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የሚገባው መጠጥ ምን ያህል ይችለዋል የሚለው ነው።

ግሌንፋርክላስ በስፔይሳይድ፣ በቤን ሪነስ ተራራ ግርጌ ነው፤ ከ1865 ጀምሮ በአንድ የግራንት ቤተሰብ እጅ ቆይቷል። ስድስቱ ትልልቅ የመዳብ ማንጠሪያዎች ከሥራቸው በጋዝ እሳት በቀጥታ ይሞቃሉ። አብዛኞቹ የስኮትላንድ ፋብሪካዎች በእንፋሎት ይሠራሉ። እዚህም በ1981 እንፋሎት ተሞክሮ ነበር፤ የሚወጣው መጠጥ ጠባዩ ስለተለወጠ ወደ እሳቱ ተመለሱ። እሳት ከታች ሲነድ የፈላው የብቅል ጠላ የድስቱን ወለል ይይዛል። እንዳያርር በውስጥ የሚዞር ሰንሰለት ወለሉን እየፋቀ ይሄዳል። የመጠጡ ወፍራም ገላ ከዚህ ይመጣል። በርሜሉን 15 ዓመት የሚችለውም ይኸው ገላ ነው።

ብርጭቆው ሆደ ሰፊ፣ አፈ ጠባብ ይሁን። በረዶ አይግባበት፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍናል። አፍንጫ መጀመሪያ የሚያገኘው ዘቢብ ነው፤ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ዋልነትና ጥቂት ቅርንፉድ። ምላስ ላይ ደረቅ ፕሪም፣ ጥቁር ቸኮላት። የአልኮሉ መጠን 46 በመቶ ነው፤ ያሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ወደ መጨረሻው ድድ ይደርቃል፤ ይህ የኦኩ ታኒን ነው። መጠኑ ትክክል የሚባለው አፍን ሳያጨማድድ ሌላ ጉንጭ ሲያስመኝ ነው፤ እዚህ ልኩ ላይ ቆሟል።

አሁን ጥቂት ጠብታ ውሃ። ትንሽ ይቆይ። ዘቢቡ ፈቀቅ ይልና ከሥሩ ገብሱ ይወጣል፦ ጣፋጭ፣ ትንሽ የተቆላ፣ እህል እህል የሚል። ለጠላ ብቅል በሚሰጣበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሽታ የሚያሳየው አያስፈልገውም። ለእኔ መለኪያው እሱ ነው። ቡና የሚያህል ጥቁር የሼሪ በርሜል ውስኪ ይሸጣል፤ ገብሱን ፈልጌ ካጣሁት ዋጋው አያሳምነኝም።

ከዚያው ቤት 105 የሚባለው ደግሞ 60 በመቶ ነው። እሱ ላይ ውሃው ከጠብታ በለጥ ይበል፤ ያለዚያ አፍንጫ ከአልኮሉ አልፎ ዘቢቡ ጋ እንኳ አይደርስም።