ካርቡራተሩ መጨረሻ ይነካ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ የስፖርት መኪና ልጠግን ብሎ የሚነሳ ሰው ሥራ ፈት ሆኖ ይከርማል። ለስፖርት መኪና ቅርብ የሆነ ዘመድ ግን አለን፤ ቮልስ። ይህን ስናገር ባጃጅ የሚነዱት ጎረምሶች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፈውን የቮልስ ሞተርና ማርሽ መነሻ አድርጎ ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ፖርሽ 356ን ሠራ፤ ከኋላ የተቀመጠ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ ሞተር። አገራችን ቮልስን የምታስታውሰው በሌላ ነገር ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱበት መኪና እሱ ነበርና። እኔ ግን ከጓሮዬ ስለሚቆመው፣ በገዛ እጄ ስለማድነው ቮልስ ነው የማወራው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያረጀውን ማዳን የዕብድ ሥራ መባሉ ቀርቷል።

ቮልስ ዳገት ላይ ሲሰንፍ ወይም ቆሞ ሲንተፋተፍ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚፈታው ካርቡራተሩን ነው። ለምን ቢባል ከላይ ተቀምጦ ይታያል፤ የሚዞር ብሎን አለው፤ ካቻቪቴ ያለው ሁሉ ሊያዞረው ይችላል። ወደ እኔ ከሚመጡት መኪኖች አብዛኞቹ ካርቡራተራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሰው እጅ የታመመ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ኮንታክት፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት፣ በስተመጨረሻ ካርቡራተር። ቅደም ተከተሉ የልማድ ጉዳይ አይደለም። የኮንታክቱን ክፍተት ሲነኩ የእሳቱ ሰዓት ይዛወራል፤ ስለዚህ ሰዓቱን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው ሥራውን መልሶ አፍርሷል። ቫልቩ ካልተስተካከለ ደግሞ ሞተሩ በትክክል አይተነፍስም፤ በትክክል ለማይተነፍስ ሞተር ቤንዚን መመጠን አይቻልም።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ማታ የቆመውን ጠዋት፣ ሰው ሳይነሳ። የቴስታታውን ክዳን የያዘውን የሽቦ ማቀፊያ በካቻቪቴ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በ21 ቁልፍ የዲናሞውን ዳዶ ይዞ ሞተሩን ወደ ኋላ ማዞር። ወደ ፊት ቢዞር የሲሊንደሮቹ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ወደ ኋላ ግን በየግማሽ ዙሩ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ስለሚመጣ መሳሳት ይቀራል። ክፍተቱ በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የመለኪያዋ ስስ ብረት ስትገባ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለባት፤ ጨርሶ የምትንሸራተት ከሆነ ሰፍቷል፣ የማትገባ ከሆነ ጠቧል።

ብዙ ሰው የሚፈራው የሚንቀጫቀጭ ቫልቭ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በመቀመጫው ላይ ባረፈባት አፍታ ነው፤ ክፍተቱ ከጠፋ አያርፍም፣ ካላረፈ ይቃጠላል። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ስለተገተረ በቂ ነፋስ አይደርሰውም። ቮልስዋገን ራሱ ይህን አውቆ ለረጅም ጊዜ 3ኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ እንዲለኮስ አድርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ላይ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ላይ አነሳው። የ3ኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ነው፤ ብሎኑን እየፈቱ ማስፋት ቀኑን ማራዘም እንጂ መጠገን አይደለም። አንድ ቀን አንገቱ ይበጠስና ፒስቶኑን ይዞት ይሄዳል። ያኔ ቴስታታው ይወርዳል፤ ዕቃውም ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ይጠበቃል።

ኮንታክቱ 0.4 ሚሊ ሜትር። የእሳቱን ሰዓት ለማየት ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ጫፍ ከቦቢናው፣ ሌላውን ከመኪናው ብረት ጋር አገናኝቶ ዲስትሪቢዩተሩን በዝግታ ማዞር ነው። አምፖሉ የበራበት ቅጽበት ኮንታክቱ የተከፈተበት ነው። ከ1967 ሞዴል (በፈረንጆቹ) በፊት ያሉት በ6 ቮልት ስለሚሠሩ በእነሱ ላይ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፤ ያም ቢሆን ይታያል።

የእኛ አገር መንገድ የራሱ ሕመም አለው። ተማሪ ውጫሌን የሚያውቃት በውሉ በ17ኛው አንቀጽ ነው፤ እኔ በአምባሰል ዳገት ነው የማውቃት። ከኮምቦልቻ በሐረጎ አድርጎ ወደ ደሴ መውጣት ማለት ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ መውጣት ነው፤ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከጭነት መኪና ኋላ፣ ሞተሩ እየጮኸና እየጋለ። ደሴ ገብቶ ለአፍታ ቆመው ሊያስነሱት ሲሞክሩ አልነሳም ይላል። ቤንዚኑ በፓምፑ ውስጥ ፈልቶ ተን ሆኗል፤ በከፍታ ቦታ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጎ ቡና መጠጣት ነው። ቡናው ሲያልቅ ይነሳል።

ይህ የሚደጋገም ከሆነ ግን ጨርቅ መፍትሔ አይደለም። ኮፈኑን ከፍቶ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ ማየት ይገባል። ያ ጎማ ከታች ያለው የጋለ አየር ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚያግድ ነው፤ የብዙ ቮልስ ጎማ ደርቆ ወድቋል ወይም “ለምን ይሆናል?” ተብሎ ተጥሏል። ሞተሩን የሸፈኑት ላሜራዎችም እንደዚሁ። አንድ የባጃጅ ልጅ “ጋሼ፣ ላሜራው ቢወጣ ነፋስ አይገባውም እንዴ?” ብሎኝ ነበር። አይገባውም። ፋኑ የሚነፋውን አየር በሲሊንደሮቹ መካከል አጥብቆ የሚነዳው ላሜራው ነው፤ ላሜራው ሲወጣ ነፋሱ በሜዳ ተበትኖ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ቺንጊያው። በሌላ መኪና የባትሪዋ ቀይ መብራት ስትበራ “ቤት ድረስ ያደርሰኛል” ይባላል። በቮልስ ፋኑ የተሰካው ከዲናሞው ዘንግ ላይ ስለሆነ ቺንጊያው ከተበጠሰ የሚቆመው ባትሪ መሙላት ብቻ አይደለም፤ ማቀዝቀዙም ይቆማል። ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ቺንጊያው በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። ከዲናሞው ፑሊ ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ስስ ቀለበቶች ማውጣት ያጠብቀዋል፤ የወጡትን ከውጭ በኩል መልሶ ማሰር እንጂ መጣል አይገባም፣ ለአዲሱ ቺንጊያ ያስፈልጋሉ። መለዋወጫ ቺንጊያና 21 ቁልፍ ሳይዝ አምባሰል የሚወጣ ሰው በሌሎች ሾፌሮች ደግነት ተማምኗል ማለት ነው። ደግነቱ በወሎ አይጠፋም፤ ቺንጊያው ግን ይጠፋል።

ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ከታች የሽቦ ወንፊት አለው። ዘይት ስቀይር ወንፊቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አራግፋለሁ። ጥቁር ጭቃ የተለመደ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ስባሪ ካለ ኩሽኔታው መናገር ጀምሯል።

አሁን ካርቡራተሩ። መጀመሪያ ቤንዚኑን አያለሁ፤ በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠው ውሃና አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አቁሜ ከሥር የተኛውን እመለከታለሁ። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን አወጣለሁ። ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለባሕር ጠረፍ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ከዚህ ላይ ነው ከሌሎች መካኒኮች ጋር የምንለያየው። እነሱ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በጠባብ ቀዳዳ ይለውጡታል፤ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ልክ ናቸው። መኪናው ከሐይቅና ከደሴ የማይወጣ ከሆነ እኔም አደርገዋለሁ። ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባቲ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ግን ቀዳዳውን አልነካም፤ ታች አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ያነሰ ቤንዚን ሞተሩን ያግላል፣ ግለቱም አስቀድሞ የሚያገኘው ያንኑ 3ኛ ሲሊንደር ነው። ባለቤቱ ቤንዚን በላብኝ ብሎ ቢያማርር ጠባቧን ቀዳዳ በላስቲክ ጠቅልዬ እሰጠውና ከባቲ ሲመለስ እንድገጥምለት እነግረዋለሁ።