ሰባ ሰባት ላይ ሲደርሱ

መንዝ ወጥቶ ከሽማግሌ ጋር እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ስለ ርስቱ፣ ስለ ጓሳው ሣር፣ ስለ አያት ቅድመ አያቱ ከተጠየቁ ሌሊቱን ሙሉ ያወጋሉ። ሰባ ሰባት ላይ ሲደርሱ ግን ባናቸውን ሰብሰብ አድርገው "ተወው ልጄ፣ እሱን አታንሳብኝ" ይላሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው "ያን ጊዜማ..." ብለው ይጀምራሉ።

የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" ደግሜ ያየሁት እኚህን ሰው እያሰብኩ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን የተማረው አንበርብር በደርግ መጨረሻ አንድ እግሩን አጥቶ እናቱ መንደር ይመለሳል። የናፈቀው ልጅነቱን ነው፤ የሚመጣበት ግን የጓደኛው ደም ነው። አንዱን ሲጠራ ሌላው አብሮ ይነሳል። ትዝታው ተበጣጥሶ መቅረቡ አንዳንድ ተመልካች አሰልችቶት ይሆናል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። የቆሰለ አእምሮ እንደ ታሪክ መጽሐፍ በምዕራፍ አይከፈልም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፊልሙ የማስታወስን መብት በአብዛኛው የሰጠው ለተማረው ሰው ነው። እናትየዋ ልጇን በጠበቀችባቸው ዓመታት ምን አሰበች? ልጆቻቸው ለጦርነት የታፈሱባቸው ጎረቤቶችስ? እነሱ ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ፤ የሚያስታውሰው ግን አንበርብር ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ ስንቱ ቤተሰብ የልጁን ሬሳ ተነፈገ፣ እንዳያለቅስም ተከለከለ። አርባው፣ ሰማንያው፣ ተዝካሩ የተሠሩት ሐዘን በወጉ፣ ከጎረቤት ጋር፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ ነው። ይህ የተከለከለበት ቤት መርሳት አልቻለም፤ የተማረው ዝምታን ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ደግ ሥራ ነው። ግን ሙዚየም ለቅሶ ቤት አይሆንም፤ የመንዙም ሽማግሌ እዚያ ፎቶ የላቸውም።

ታዲያ እንዲናገሩ እንጎትጉታቸው? እኔ አልጎተጎትኩም። "ተወው" ሲሉ ተውኩት፣ "ያን ጊዜማ" ሲሉ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። አንበርብርም ያገገመው የሚጠብቀው ሰው ስለነበረው ይመስለኛል።