ጥሩ ሰሚ አያስፈልገንም

«የሌሎች ሰዎች ሕይወት» የተባለውን የጀርመን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ጊዜ አልቅሻለሁ፤ በሦስተኛው ተናደድኩ። ይህ ጽሑፍ ስለ ንዴቱ ነው።

ላላያችሁት፦ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1984፣ ቦታው ምሥራቅ በርሊን ነው። ቪዝለር የሚባል የስታሲ ካፒቴን፣ ድሬይማን በሚባል የቴአትር ጸሐፊ ቤት ውስጥ ማዳመጫ ያስተክላል። ከዚያ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ሄድፎኑን አጥልቆ፣ የጸሐፊውንና የፍቅረኛውን የክሪስታ ማሪያን ኑሮ እየሰማ ሪፖርት ይጽፋል። እሷ ተዋናይት ናት፤ ከክትትሉ ጀርባ ያለው ሚኒስትርም የሚፈልገው እሷን ነው። ቪዝለር ግን እየሰማ እየሰማ ልቡ ይለወጣል። ድሬይማን ለሞተ ወዳጁ ፒያኖ ሲጫወት ሰምቶ ያለቅሳል። ከዚያ ወዲያ ሪፖርቱን በውሸት ሞልቶ ሰውየውን ይሸፍነዋል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በዓመቱ ኦስካር አግኝቷል። ሁሉም ግን አልወደደውም። በበርሊን ሆሄንሾንሃውዘን የቀድሞው የስታሲ እስር ቤት ዛሬ መታሰቢያ ሙዚየም ነው። የዚያን ጊዜው ኃላፊ፣ የስታሲ መኮንን ጀግና የሚሆንበት ፊልም እዚህ አይቀረጽም ብሎ ከልክሏል። እኛም ከታሪኩ ሩቅ አይደለንም፤ ስታሲ የደርግን የደኅንነት ሰዎች አሠልጥኗል። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ማለት ለወላጆቻችን ተረት ብቻ አልነበረም።

እኔ የተናደድኩት ግን ከሥራዬ ተነሥቼ ነው። ሶፍትዌር ነው የምሠራው። መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ድርጅት የምግብ ማድረሻ አፕ ነበረን። የደንበኞችን ዳታቤዝ ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ ፓስወርድ ነበር፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ማታ የጠፋ ትዕዛዝ እየፈለግሁ ሳለ የማያገባኝን ስም ጻፍኩ። የተለያየኋት ልጅ ነበረች። አዲሱ ሰፈሯ፣ የቤት ቁጥሯ፣ በስንት ሰዓት እራት እንደምታዝ፣ ለሁለት ሰው እንደምታዝ፤ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ተዘረዘረ።

ዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም፣ ቤቷም አልሄድኩም። «ምንም ስላላደረግኩ ጥሩ ሰው ነኝ» እያልኩ ቆየሁ። ቪዝለርን ያን ያህል የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፊልሙ ለሰሚው ይቅርታ ያደርግለታል፤ ያውም በፒያኖ።

በሦስተኛው ግን ሙዚቃውን ትቼ ክሪስታ ማሪያን ተከተልኳት። ድሬይማን የታይፕ መኪናውን ወለል ሥር ደብቋል። እሷ ትታሰራለች፣ ትመረመራለች፣ የተደበቀበትንም ቦታ ትናገራለች። መርማሪዋ ማን ነው? ያው ልቡ የተለወጠው ቪዝለር ነው። ቃሉን ካወጣጣት በኋላ ሮጦ ከባልደረቦቹ ቀድሞ መኪናውን ያነሣዋል፤ እሷ ይህን አታውቅም። ብርበራው እያለ ወደ መንገድ ትሮጣለች፣ የጭነት መኪና ይገጫትና ትሞታለች። የሰሚው ደግነት ለድሬይማን ደረሰ፤ ለእሷ ደቂቃዎች ዘገየ። ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ አሳይቶን ሲያበቃ፣ መጨረሻ ላይ እንድናስብ የሚፈልገው ስለ ቪዝለር መዳን ነው።

ሕግ ከሌላ ቦታ ይነሣል፤ የሰሚውን ልብ አይጠይቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ቁጥር 33 ተመልከቱ። የብርበራ ማዘዣ የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ መርማሪው ከተጠቀሰው ውጭ አይወስድም፤ ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ማንንም አያስለቅስም። ግን በሩን የሚያንኳኳው ሰው ደግም ይሁን ክፉ፣ ከማታ እንቅልፋችሁ ያስቀረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ጥበቃውን ለደብዳቤ፣ ለስልክና ለኤሌክትሮኒክ ግንኙነት ሰጥቷል፤ ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው ይላል።

የዛሬው ክርክር ስልክ ላይ ነው። ማዘዣው «አንድ ሞባይል» ካለ ምኑን ለየው? የሐኪም ውጤት፣ የባንክ መልእክት፣ የዓመታት ጭውውት እዚያው ውስጥ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በራይሊ ጉዳይ፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስልክ ለመበርበር በመሠረቱ ማዘዣ ያስፈልገዋል ብሏል፤ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው። ፓስወርድህን ንገር ማለትስ? አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በማስረጃነት የሚቀርብበትን ቃል እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። ታዲያ ስድስት ቁጥር የእምነት ቃል ነው ወይስ ቁልፍ? የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚህ ተከፋፍለዋል። እኔ ግን ክሪስታ ማሪያ ትዝ ትለኛለች፤ እሷም የተናገረችው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

«ታዲያ ልጅ ታፍኖ የጠላፊው ስልክ ይታለፍ?» የሚለኝ ይኖራል። አይታለፍ። እንደዚያ ያለ ቤተሰብ ፊት ቆሜ ስለ መብት ብቻ ማውራት አልችልም። የምለው ሌላ ነው፤ ከመከፈቱ በፊት ዳኛ ይጠየቅ፣ ምን እንደሚፈለግ ይጻፍ፣ ማን ምን እንዳየም ይመዝገብ።

እንዲያውም ፊልሙ ራሱ ይህን ያውቀዋል። ግንቡ ከፈረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ የወጣ ሕግ የስታሲን መዝገብ ለተሰለሉት ሰዎች ከፈተላቸው። ድሬይማንም ፋይሉን ያነባል፤ ገጹ ላይ ቀይ የጣት አሻራ ያገኛል። በእኛ ቋንቋ ሎግ ማለት ይሄ ነው። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ፒያኖው ሳይሆን ያ የንባብ ክፍል ነው።

ከዓመት በኋላ በዚያው ድርጅት ስብሰባ ላይ፣ ዳታቤዙን የሚከፍት ሁሉ በስሙ እንዲገባ፣ የፈለገውም እንዲመዘገብ ሐሳብ አቀረብኩ። «ማንን ጠርጥረህ ነው?» አለኝ አለቃዬ። «ራሴን» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሥራውን ግን ፈቀደልኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስም ጽፌ አላውቅም። ጥሩ ሰው ሆኜ ይሁን መዝገቡን ፈርቼ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ለእሷ ግን ልዩነት የለውም።